ስለ ተዋጊ ጄት፣ ስለ ሠራተኞቹና ስለ አየር ምድብ የጦርነት ውሎ፦ ከጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ላይ ሰማዩ ሲያጓራ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቀና ይላል። ከአዘዞ እስከ ፒያሳ የሚነሣው ጥያቄም ያው ነው፦ ምንድን ነው? ማን ነው የሚያበርረው? በዚህ ከፍታ እንዴት ይነሣል? መልሶቹ አየር ኃይሎች በየአገሩ የሚሠሩባቸውን አሠራሮች ይመለከታሉ። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ዛሬ ምን ቆሟል የሚለውን አናነሣም፤ የሚያውቅም ባይናገር ይሻላል።

አንድ ተዋጊ ጄት ለማብረር ስንት ሰው ያስፈልጋል?

ጋቢናው ውስጥ የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ በማሠልጠኛና በአንዳንድ የምድር ማጥቂያ ዓይነቶች ላይ ሁለት ይሆናሉ። መሬት ላይ ግን ሰልፉ ረጅም ነው፦ ኃላፊ ቴክኒሻን፣ የሞተር፣ የሃይድሮሊክ፣ የኤሌክትሪክና የአቪዮኒክስ (የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ) ባለሙያ፣ ትጥቅ ጫኝ፣ የነዳጅ ቦቴ ሹፌር፣ ኦክስጅን ሞይ፣ ፓራሹት አጣፊ፣ የአየር ጠባይ ተንባይ፣ ታወር ላይ ያለ ተቆጣጣሪ፣ እሳት አደጋ፣ አምቡላንስ፣ ዋርዲያ፣ ወጥ ቤት። ለአንድ ሰዓት በረራ ከአሥር ሰዓት በላይ የሰው ሥራ መሬት ላይ ይገባበታል፤ ጄቱ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ጄቱ የአብራሪው አይደለም፣ የኃላፊ ቴክኒሻኑ ነው። አብራሪው መዝገቡን አንብቦ፣ ዙሪያውን ዞሮ አይቶ፣ ፈርሞ ይረከባል። ሲመለስ ያየውን ጉድለት ጽፎ፣ ፈርሞ ያስረክባል፤ ልክ መኪና እንደ ተከራየ ሰው። ቴክኒሻኑ «አይበርርም» ብሎ መዝገቡ ላይ ካሰፈረ፣ ጉድለቱ ተሠርቶ በፊርማ እስኪዘጋ ድረስ አብራሪው የቱንም ያህል ቢቸኩል አይነሣም።

ቀኑ በስንት ሰዓት ይጀምራል?

ጎህ ሲቀድ በረራ ካለ ቴክኒሻኖቹ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ቱታቸውን ለብሰው ሥራ ላይ ናቸው። በደጋ ሌሊት ብረቱ እጅ ይቆርጣል፤ ጓንት አድርጎ ደግሞ ትንሽ ዳዶ መያዝ አይቻልም። ስለዚህ ጣት እያፍተለተሉ መሥራት ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ የነዳጅ ናሙና መቅዳት ነው። ከታንከሩ ሥር ያለው ማፍሰሻ ይከፈትና ትንሽ ኬሮሲን በመስታወት ጠርሙስ ይቀዳል፤ ከዚያ ጠርሙሱን አሽከርክሮ በባትሪ ብርሃን ማየት። ጥሩ ነዳጅ ጥርት ብሎ ያበራል። ውሃ ካለበት እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ ጠርሙሱ ሥር ይቀመጣል፤ ወይም ነዳጁ ጉም ይመስላል። ውሃው የሚመጣው ከቦቴ ብቻ አይደለም፤ ግማሽ ባዶ ሆኖ ያደረ ታንከር ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጠል ይሠራል። ለዚህ ነው ጄት ሞልቶ እንዲያድር የሚመረጠው። ላይ ቤት፣ ማለትም ከፍታው ላይ፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ሲደርስ ያ ዶቃ በረዶ ሆኖ ፊልትሮውን ይዘጋል።

ብርሃን ሲወጣ ጠጠር ለቀማ አለ። ከወታደር እስከ መኮንን ትከሻ ለትከሻ ተሰልፎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ መቆሚያውንና መንደርደሪያውን በዝግታ ያቋርጣል። የሚለቀመው ጠጠር፣ ብሎን፣ የሽቦ ቁራጭ፣ የሃይላንድ ክዳን ነው። ጄት ሞተር ፊቱ ያለውን ሁሉ እንደ ቫኪዩም ይስባል፤ ምላጮቹ በደቂቃ 10 ሺህ ጊዜ ያህል ሲሽከረከሩ የኑግ ፍሬ የምታክል ጠጠር ብቻዋን ላትጎዳ ትችላለች፣ የባቄላ ፍሬ የምታክለው ግን ምላጭ ትጎርዳለች። የተጎረደው ምላጭ የኋለኞቹን ይዞ ይሄዳል። ሩሲያውያን ሠሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ሱ-27 የአየር ማስገቢያው ውስጥ ወንፊት አለው፤ ሚግ-29 ደግሞ መሬት ላይ ሳለ ማስገቢያውን ዘግቶ ክንፉ ከአካሉ በሚጋጠምበት ቦታ ከላይ በኩል ባሉ ቀዳዳዎች ይተነፍሳል። ወንፊት ስላለ ግን መልቀም አይቀርም።

መሣሪያም እንዲሁ ነው። ሳጥኑ ውስጥ እያንዳንዱ ቁልፍ፣ ካቻቪቴና ፒንሳ በራሱ ቅርጽ የተቆረጠ ጉድጓድ አለው። ፈረቃ ሲያልቅ አንድ ጉድጓድ ባዶ ከሆነ መሣሪያው እስኪገኝ ጄቱ አይነሣም፤ ወለል እስከ መፍታት ይደረሳል። (ካቻቪቴ፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ ጎማ፣ ቱታ፦ ሁሉም ከጣሊያንኛ የቀሩልን ናቸው። የጋራዥ ቋንቋችን ከጠላት ምርኮ ነው ማለት ይቻላል።)

የጎንደር ከፍታ ለጄት ይከብዳል?

በጣም። የአዘዞ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ሙቀቱ 2 ዲግሪ በሆነ ማለዳ አየሩ የባሕር ዳርቻውን 82 በመቶ ያህል ይወፍራል። በመጋቢት ቀትር 25 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 76 በመቶ ይወርዳል፤ ለጄቱ ከ2,800 ሜትር ላይ እንደ መነሣት ይቆጠራል።

ኪሳራው ከሁለት ወገን ነው። ሞተሩ የሚውጠው አየር ስለሳሳ ግፊቱ ይቀንሳል። ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሣት በበለጠ ፍጥነት መሮጥ አለበት። ባሕር ዳርቻ ላይ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚነሣ ጄት፣ በዚያ ቀትር አዘዞ ላይ መሬቱን በ320 ገደማ መሮጥ ግድ ይለዋል። ጋቢናው ውስጥ ያለው የፍጥነት መለኪያ ግን ያንኑ 280 ያሳያል፤ መለኪያው የሚያነብበው የአየሩን ግፊት እንጂ የመሬቱን ሩጫ አይደለምና። ሁለቱ ተደምረው የመንደርደሪያው ርቀት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል።

ማረፉ ደግሞ የባሰ ነው። ፍጥነቱ 15 በመቶ ሲጨምር ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት በ30 በመቶ ገደማ ያድጋል። ፍሬኑ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ቸርኬው ይሻገራል። ጎማው እንዳይፈነዳ ቸርኬው ላይ ሙቀት ሲበዛ ቀልጦ አየር የሚለቅ መድፈኛ አለ፤ እሱ ሲሠራ ጄቱ በተነፈሰ ጎማ መንደርደሪያው መሃል ይቆማል፣ ከኋላው የሚመጡትም ማረፊያ ያጣሉ።

መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ማለዳ መብረር፣ ጭነት መቀነስ፣ የፍሬን ፓራሹት መጠቀም። ጭነት ሲቀነስ ክርክሩ ሁልጊዜ በቦንብና በነዳጅ መካከል ነው። ነዳጅ ቢቀነስ ርቀት ያጥራል፤ ቦንብ ቢቀነስ ግዳጁ ራሱ ትርጉም ያጣል። ፓራሹቱም የራሱ ጣጣ አለው። አብራሪው ካረፈ በኋላ ጥሎት ይሄዳል፤ መኪና ሮጦ ማንሣት አለበት። በክረምት ጭቃ ነክቶ፣ ውሃ ጠጥቶ ይመጣል። እርጥቡን ከታጠፈ ላይ ቤት በረዶ ሠርቶ ሳይከፈት ሊቀር ይችላልና ተሰቅሎ መድረቅ አለበት። ከሰኔ እስከ መስከረም የማድረቂያ ክፍል የሌለው ምድብ ፓራሹት እያለው ያለ ፓራሹት ያርፋል።

አርፎ እንደገና እስኪነሣ ምን ይደረጋል?

የተለማመደ ቡድን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል። ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ነው ሰው የሚሞተው።

ጄቱ ገና መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ሳለ ያልተተኮሰው ትጥቅ ይታሰራል፤ ቀይ ጥብጣብ ያላቸው ፒኖች ይገባሉ። ከዚያ ወደ መቆሚያው ይገባል፣ ታኮ ይደረግለታል፣ ሞተር ይጠፋል፣ በአደጋ ጊዜ አብራሪውን ይዞ የሚወነጨፈው ወንበር ፒን ይገባል። ጎማውንና ፍሬኑን የሚያየው ቴክኒሻን ወደ ጎማው የሚጠጋው ከፊት ወይም ከኋላ ነው፤ ከጎን ፈጽሞ አይደለም። የጋለ ቸርኬ ሲፈነዳ ስብርባሪው የሚወረወረው ወደ ጎን ነውና።

የሞተር ዘይት ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በተወሰኑ ደቂቃዎች ውስጥ ይለካል። ከዘገየ ዘይቱ ወደ ሌላ ክፍል ይወርድና መለኪያው ጎደሎ ያሳያል፤ ያላወቀ ሰው ይጨምርበታል፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ይሞላል። ትንሽ ናሙና ለላቦራቶሪ ይወሰዳል፤ ዘይቱ ውስጥ ያለው የብረት ብናኝ ከጨመረ ኩሽኔታ እየተበላ ነው ማለት ነው።

ቦቴው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያያዘው ጎማ ቧንቧው ሳይሆን ሽቦው ነው። ነዳጅ በቧንቧ ሲሮጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ቦቴውና ጄቱ በሽቦ ካልተገናኙ ብልጭታው የሚወጣው ልክ ነዳጁ አፍ ላይ ነው። ሲፈታም ቧንቧው ቀድሞ፣ ሽቦው መጨረሻ። መጠኑ እንደ ጄቱ ይለያያል፤ ኤፍ-5ኢ በውስጥ ታንከሩ 2,560 ሊትር ያህል ይይዛል። ሱ-27 ሙሉ ሲሞላ 9.4 ቶን፣ ማለትም ወደ 12 ሺህ ሊትር ይወስዳል፤ 20 ሺህ ሊትር የጫነ ቦቴ ሁለቱን አይሞላም። በጦርነት ጊዜ የአየር ምድብ እስትንፋስ ያለው አስፋልቱ ላይ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። መንገድ ሲዘጋ ሰማዩም ይዘጋል።

ትጥቅ ጫኞች ከመሣሪያው ጋር የሚገናኘውን ሽቦ ከመሰካታቸው በፊት የተረሳ ኤሌክትሪክ እንደሌለበት ይለካሉ። የመጨረሻው ፒን የሚነቀለው መንደርደሪያው አፍ ላይ፣ አፍንጫው ወደ ባዶ መሬት ዞሮ ነው። ያን ጊዜ አብራሪውን ብታዩት ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ጋቢናው ጠርዝ ላይ አስቀምጧል። ከክንፉ ሥር ሰው ሳለ አንድም ቁልፍ እንደማይነካ ማሳያው ነው። ከዚያ ትጥቅ ጫኙ ፊት ለፊት ቆሞ የነቀላቸውን ጥብጣቦች ዘርግቶ ያሳያል፤ አብራሪው ይቆጥራል። ቁጥሩ ካልሞላ አይሄድም።

ሞተሩ ሲሠራ ከፊቱ 8 ሜትር ውስጥ መግባት ሰውን ያስውጣል። ከኋላ በሙሉ ጉልበት ሲነፋ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ርቀት ላይም ሰው ይጥላል። ጆሮ ላይ ሁለት መከላከያ ይደረጋል፤ ቡሹ ውስጥ፣ ማፈኛው ላይ። ስለዚህ ንግግሩ በእጅ ምልክት ነው።

ተረኛ አብራሪ ቁጭ ብሎ ምን ይሠራል?

ይጠብቃል። ሥራው በአብዛኛው መጠበቅ ነው። የዝግጁነት ደረጃው 15 ደቂቃ ከሆነ የበረራ ልብሱን ለብሶ አጠገቡ ባለ ክፍል ይሆናል፤ ካርታ ያያል፣ ዳማ ይጫወታል፣ ያንቀላፋል። 5 ደቂቃ ከሆነ ጄቱ ሥር ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ታጥቆ ጋቢናው ውስጥ ይቀመጣል፤ በፀሐይ መስታወቱ ሥር እንደ ምጣድ ስለሚግል በየተወሰነ ሰዓት ይቀያየራሉ። ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት መሽናቱን የሚያስታውሰው ቴክኒሻኑ ነው።

አብራሪ ምን ይበላል? ጾም ላይስ?

ከፍ ሲባል ግፊት ይቀንሳል፣ ሆድ ውስጥ ያለ ጋዝም ይነፋል። 12 ሺህ ሜትር ላይ የሚበርር ተዋጊ ጄት ጋቢና ውስጥ ያለው ግፊት 5 ሺህ ሜትር ላይ እንዳለ ተራራ ነው። ከባሕር ዳርቻ የተነሣ ሰው ሆድ ውስጥ ያለው ጋዝ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ ከጎንደር የተነሣው ግን በግማሽ ያህል ብቻ ይጨምራል፤ ደጋ የተነሣበት ሰው እዚህ ላይ ተጠቅሟል። ቢሆንም ከበረራ በፊት ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጥሬ ጎመንና ለስላሳ መጠጥ አይመከርም። በደንብ ያልተሞላ ጥርስም በዚሁ ምክንያት ላይ ቤት ያስጮኻል። ጉንፋን ያለበት አብራሪ አይበርርም፤ ሲወርድ ጆሮው ሊቀደድ ይችላል።

ጾም የሐኪምና የነፍስ አባት ጉዳይ ነው፤ ሆኖም የሰውነት ሕጉ ግልጽ ነው። ውሃ ያልጠጣና ባዶ ሆዱን ያለ ሰው ጄቱ በኃይል ሲታጠፍ ደሙ ወደ እግሩ ሲሸሽ ቶሎ ራሱን ይስታል። አልኮል ቢያንስ ለ12 ሰዓት፣ እንቅልፍ ያልተቆራረጠ 8 ሰዓት፦ ብዙ አየር ኃይሎች የሚሠሩበት ነው። ጦርነት ሲበረታ መጀመሪያ የሚጣሰውም ይኸው የእንቅልፉ ነው።

«9 ጂ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጄቱ በኃይል ሲታጠፍ ክብደት በዘጠኝ ሲባዛ። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው 675 ኪሎ ይሆናል። ራስና ቆብ አንድ ላይ 7 ኪሎ ቢሆኑ አንገቱ 63 ኪሎ ይሸከማል፤ አንገቱን አዙሮ ኋላውን እያየ ከነበረ ያማል። መጀመሪያ ቀለም ይጠፋል፣ ከዚያ ዳር ዳሩ ይጨልማል፣ ከዚያ ሰውየው ራሱን ይስታል። የሚከላከለው በአየር ተነፍቶ ጭንና ሆድን የሚጨብጥ ሱሪና የአተነፋፈስ ዘዴ ነው፦ እግርንና ሆድን ወጥሮ፣ ትንፋሽን አምቆ፣ በየ3 ሰከንዱ በፍጥነት መለወጥ። ሱሪው ብቻውን አይበቃም።

አብራሪው በአደጋ ጊዜ ከነወንበሩ ተወንጭፎ ሲወጣ ይድናል?

በጊዜ ከወሰነ ብዙ ጊዜ አዎ። አዳዲሶቹ ወንበሮች መሬት ላይ ከቆመ ጄትም ያወጣሉ። ግፊቱ ግን የጀርባ አጥንትን ይጨምቃል፤ ወገቡንና ራሱን ወንበሩ ላይ ያላስደገፈ ሰው አከርካሪው ይሰበራል። የሚገድለው በአብዛኛው መዘግየት ነው፤ «ላድነው» እያለ ከፍታ የጨረሰውን ወንበሩ ሊያድነው አይችልም።

ቤቱን የሚያናውጠው ድምፅ ቦንብ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ጄት ከድምፅ ሲፈጥን (መሬት አጠገብ በሰዓት 1,225 ኪሎ ሜትር ገደማ) የአየር ሞገዱ ተጠራቅሞ እንደ ፍንዳታ ይሰማል። ፍጥነቱን ባለፈበት ቅጽበት ብቻ የሚሰማ የሚመስላቸው አሉ፤ ስሕተት ነው። በዚያ ፍጥነት እስከበረረ ድረስ ድምፁን እንደ ምንጣፍ መሬት ላይ እየጎተተ ይሄዳል፣ ያለፈበት ሰፈር ሁሉ አንድ ጊዜ ይሰማዋል። መስኮት ይንቀጠቀጣል፣ የላላ ቆርቆሮ ይጮኻል፤ ጭስና አቧራ ግን የለም።

ልጆች ጄቱን የሚያጡትም ድምፁን ተከትለው ስለሚፈልጉ ነው። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ 6 ሺህ ሜትር ላይ ያለ ጄት ድምፁ የሚደርሰው ከ18 ሰከንድ በኋላ ነው። ከድምፁ በጣም ቀድማችሁ ፊት ለፊቱን ተመልከቱ።

የሰዓቱ ነገር እንዴት ነው?

ግድግዳው ላይ ሦስት የተለያዩ ሰዓቶች ተሰቅለው ሊሆን ይችላል። አብራሪዎች በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሠራሉ፤ እሱ 6:00 ሲል የምሥራቅ አፍሪካው 9:00፣ የኛው ደግሞ ከጠዋቱ 3 ነው። ቦቴ ሹፌሩ «3 ሰዓት» ሲባል የቱ 3 እንደሆነ ካልተነገረው ጄቱ ያለ ነዳጅ ይቆማል።

አዘዞ ላይ በእርግጥ የአየር ጦርነት ነበር?

ነበር። በ1934 ዓ.ም. መጀመሪያ ጎንደር ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የቀረው የመጨረሻ ጠንካራ ምሽግ ነበር፤ አዛዡ ጄኔራል ጉሊየልሞ ናሲ። የወልክፊት በር በመስከረም ሲወድቅ ከተማዋ በእንግሊዝ ጦርና በአርበኞች ተከብባ ነበር። የቀሩት ተዋጊዎች ጥቂት ፊያት ሲአር-42 ነበሩ፦ ባለ ድርብ ክንፍ፣ ክፍት ጋቢና፣ 840 የፈረስ ጉልበት፣ ሁለት 12.7 ሚሊ ሜትር መትረየስ። ጄት አልነበረም፤ ችግሩ ግን ያው ከላይ ያየነው ነው። መለዋወጫና ነዳጅ የሚመጣበት መንገድ ተዘግቶ ነበር።

ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. ኢልዴብራንዶ ማላቮልቲ የተባለው አብራሪ ግላዲያተር በተባለ የደቡብ አፍሪካ ተዋጊ አውሮፕላን ተመትቶ ወደቀ፤ በምሥራቅ አፍሪካው ዘመቻ አውሮፕላን አውሮፕላንን ሲጥል ያ የመጨረሻው ነው። ደቡብ አፍሪካውያኑ በማግስቱ ጀግንነቱን የሚያከብር መልእክት በጣሊያን ይዞታ ላይ ጥለዋል። የመጨረሻው ፊያት ደግሞ ጎንደር ልትወድቅ ቀናት ሲቀሯት ቁልቋል በር ላይ መድፈኞችን ተኩሶ ተመለሰ፤ አብራሪው ራሱ አወደመውና ከእግረኛው ጋር ተቀላቀለ። ከተማዋ ኅዳር 18 ቀን እጅ ሰጠች።

መንደርደሪያ ሲመታ ምን ይደረጋል?

ጉድጓዱን መሙላት የመጨረሻው ሥራ ነው። መጀመሪያ ያልፈነዱ ነገሮች ይፈለጋሉ። ቀጥሎ ካርታ ላይ ጉድጓዶቹ ሁሉ ይሰፍራሉ፤ ጥያቄው «ሁሉንም እንዴት እንጠግን?» ሳይሆን «ጥቂቱን ጠግነን የትኛው ቀጥ ያለ ቁራጭ ይገኛል?» ነው። ኔቶ የሚፈልገው ትንሹ ቁራጭ 15 ሜትር በ1,525 ሜትር ነው። በአዘዞ ከፍታ ያን ያህል ርቀት ለብዙ ጄት አይበቃም፤ ስለዚህ እዚህ አንድ ጉድጓድ የሚያደርሰው ጉዳት ቆላ ላይ ካለው ይበልጣል። ከጉድጓዱ የተገለበጠው አስፋልት ተቆርጦ ይነሣል፣ በድንጋይ ተሞልቶ ይጠቀጠቃል፣ በምንጣፍ ወይም ቶሎ በሚደርቅ ሲሚንቶ ይሸፈናል። ከዚያ መጥረግ፣ እንደገና ጠጠር መልቀም።

ሩቅ ታሪክ አይደለም። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ምሽት በጎንደርና በባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያዎች ላይ ሮኬት ተተኩሷል።

ማሳ ውስጥ የወደቀ ቁራጭ ብናገኝስ?

አትንኩ፣ አታንቀሳቅሱ፣ ለቁራሌውም አትሽጡ። የአብራሪ ወንበር ባዶ መስሎ ሳለ ያልተተኮሰ ባሩድ ሊኖረው ይችላል፤ የጋቢና መስታወት መክፈቻም እንዲሁ። የተቃጠለ ጥቁር ጨርቅ የመሰለ ነገር የካርቦን ክር ሊሆን ይችላል፤ ብናኙ ሳንባና ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ ነፋሱ ከእናንተ ወደ ቁራጩ በሚነፍስበት በኩል ሁኑ። ከብት ከአካባቢው አውጡ። በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱና ከሩቅ በሚታይ ጨርቅ መንገዱን ለይታችሁ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ተናገሩ። አካባቢው ላይ ሆናችሁ ስልክ አትደውሉ፤ ራቅ ብላችሁ ነው።